የፓይን ዛፍ እምቡጥ፣ አበባና ፍሬ በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ፓይን የተከሉ ወይም በግቢያቸው ቆሞ ያገኙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተው ወደሚያከራክሩት ይሄዳሉ።

ፓይን ያብባል ወይ? አበባውን አይቼው አላውቅም።

እንደ አደይ አበባ ወይም እንደ ጽጌረዳ አያብብም። የሚያምር የአበባ ቅጠል የለውም፤ ንብ የሚጠራ ማርም ሽታም የለውም። ያለው ወንዴ ኮንና ሴቴ ኮን ነው፤ ኮን ማለት ቅርፊት የተደራረበበት አካል ነው፤ ሴቴዋ ስታድግ «ፍሬ» የምንላት እሷን ነው። ዘሩ በፍሬ ሥጋ ሳይሸፈን በኮኑ ቅርፊት ላይ ራቁቱን ተቀምጦ ያድጋል። የደን ባለሙያዎችም ሲያወሩ «አበባ» ማለታቸው አልቀረም፤ እዚህም አልፎ አልፎ እንደዚያው እንላለን።

እስከ ዛሬ ያላዩት ስለሌለ አይደለም። ሴቴዋ ገና ስትወጣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ የምትቀመጠውም በዛፉ ላይኛ ክፍል፣ በለጋ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። ከወንዴው የሚመጣውን ዱቄት መሰል ብናኝ ለመቀበል ክፍት ሆና የምትቆየውም ለጥቂት ቀናት ነው። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው አትታይም።

ግቢዬ ውስጥ ያለው ፓይን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቅጠሉን ነቅለው ይዩት። ሦስት ረጃጅም መርፌዎች ከሥራቸው በአንድ ስስ ሽፋን ታስረው ከወጡ ፓይን ነው። በአገራችን በብዛት የተተከለው፣ ፓቱላ የሚባለው የፓይን ዓይነት፣ መርፌው ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወደ ታችም እንደ ፀጉር ይንጠለጠላል። ራዲያታ የሚባለው ሌላው የፓይን ዓይነትም በሦስት በሦስት ይታሰራል፤ መርፌው ግን አጠር ያለ ነው፤ እንደ ፓቱላም አይንጠለጠልም።

በደብረ ብርሃን ሥላሴና በሌሎች አድባራት ቅጥር ውስጥ የምናውቀው ጥድ ሌላ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ቀንበጡን እንደ ቅርፊት ተለጥፎ ይሸፍነዋል፤ ፍሬውም ትንሽ፣ ድቡልቡልና ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ደግሞ ጠንካራ ክብ ፍሬ አለው። ከዚህ በታች የተጻፈው ለእነዚህ አይሠራም፤ ለፓይን ብቻ ነው።

ወንዴውና ሴቴው በአንድ ዛፍ ላይ ናቸው?

አዎ፣ በአንድ ዛፍ ላይ ናቸው፤ ቦታቸው ግን የተለያየ ነው። ወንዴዎቹ በአብዛኛው ከዛፉ መሃልና ታች ባሉ ቅርንጫፎች ላይ፣ በአዲሱ ቀንበጥ ሥር ዙሪያውን ተደርድረው ይወጣሉ። ቢጫ ናቸው፤ ለስላሳ ናቸው፤ ብናኛቸውን ጨርሰው ይረግፋሉ። ሴቴዎቹ ከላይ ናቸው። ይህ አቀማመጥ ዛፉ የራሱን ብናኝ ሳይሆን ከሌላ ዛፍ በነፋስ የመጣውን እንዲቀበል ያግዘዋል።

የአገራችን ጥድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። «ይህ ጥድ ለምን አያፈራም?» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ወንዱን ዛፍ ነው። ፓይን ላይ ይህ ሰበብ አይሠራም።

የአበባው እምቡጥ የሚወጣው በየትኛው ወር ነው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ጠያቂው አንድ ወር ተጠርቶለት መሄድ ይፈልጋል፤ ዛፉ ግን በዚያ መንገድ አይሠራም። በዓይን የምናየው አበባ ብቅ ከማለቱ ከወራት በፊት እምቡጡ ውስጥ ተወስኖ አልቋል። ምላጭና አጉሊ መነጽር ያለው ሰው ከቅርንጫፍ ጫፍ አንድ እምቡጥ ቆርጦ ቁመቱን ቢሰነጥቀው ይህን በዓይኑ ያየዋል። መሃሉ ላይ አረንጓዴ ለጋ ግንድ አለ፤ ዙሪያውን ቡናማ ሽፋኖች ከበውታል፤ በየሽፋኑ ብብት ውስጥ ደግሞ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ጉብታ ተቀምጧል። ከታች በኩል ካሉት ጉብታዎች የተወሰኑት ወንዴ ኮን ይሆናሉ። ከመሃል ያሉት መርፌ ቅጠል ይሆናሉ። ወደ ጫፉ የተጠጉት ወይ ሴቴ ኮን ወይ የጎን ቅርንጫፍ ይሆናሉ። ቅርንጫፍ መሆን የሚችለው ጉብታ ነው ፍሬ የሚሆነው፤ ስለዚህ ዛፉ በአንድ ወገን ሲያፈራ በሌላ ወገን ከእድገቱ ይቀንሳል።

በብርዳማ አገሮች ይህ ሁሉ በቀን መቁጠሪያ ይሄዳል። በአውሮፓ ያለው የስኮትላንድ ፓይን እምቡጡን በእነሱ በጋ ማብቂያ፣ በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ገደማ ይጀምራል፤ ብርዱን ተኝቶ ያሳልፋል፤ በግንቦትና በሰኔ ብናኙን ይበትናል። ጎንደር ላይ ዛፉን ለወራት የሚያስተኛ በረዶ የለም። በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነትም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ወቅት የሚለየው ዝናብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፣ ከዚያ ይደርቃል።

ፓቱላ የመጣው ከሜክሲኮ ተራሮች ነው። እዚያም ዝናቡ እንደ እኛው በእነዚሁ ወራት ነው፤ ብናኙ የሚበተነውም በደረቁ ወቅት፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ጎንደር ላይ አበባ ለማየት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት በእነዚሁ ወራት ላይ ነው። ሆኖም ፓቱላ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣ ዛፍ ስለሆነ፣ ከወቅቱ ውጭ የወጣ ጥቂት አበባ ቢያዩ አይደነቁ።

በቅርንጫፉ ጫፍ ቀጥ ብሎ የቆመው ነገር አበባ ነው ወይስ ቀንበጥ?

ቀንበጥ ነው፤ አበባውን የሚሸከመውም እሱ ነው። እምቡጡ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚረዝመው ይህ ጧፍ የመሰለ ለጋ ግንድ ነው። መርፌዎቹ ገና ከሽፋናቸው ስላልወጡ ራቁቱን ይመስላል። ቀረብ ብለው ሥሩን ይመልከቱ፦ ተጠጋግተው የተደረደሩ ቢጫ ፍሬ መሳዮች ካሉ ወንዴ ናቸው። ጫፉ ላይ፣ ከአዲሱ እምቡጥ ጎን፣ በአጭር እግር የቆመች ቀላ ያለች ወይም ወይን ጠጅ የመሰለች ትንሽ ኮን ካለች ሴቴዋ እሷ ናት። ሁለቱም ከሌሉ ቀንበጡ ቅጠል ብቻ ያወጣል።

ወንዴዎቹ ከረገፉ በኋላ የነበሩበት ቦታ መርፌ አያወጣም፤ ባዶውን ይቀራል። በቅርንጫፉ ላይ እዚህና እዚያ የሚታዩት ራቁት ክፍሎች ተባይ የበላቸው ሳይሆኑ ባለፉት ዓመታት ወንዴ አበባ የነበረባቸው ናቸው።

መኪናዬና በረንዳዬ ላይ የሚያርፈው ቢጫ ዱቄት ምንድን ነው? ይጎዳል?

የወንዴው ብናኝ ነው። በደረቅና ነፋሻ ቀን ቅርንጫፉን በእጅ ነካ ቢያደርጉት እንደ ጭስ ቦግ ብሎ ይወጣል። እያንዳንዱ ቅንጣት በሁለት ጎኑ አየር የያዘ ከረጢት አለው፤ ለዚህ ነው ሩቅ የሚሄደው። ዝናብ ግን ከአየር ላይ አጥቦ ያወርደዋል። ዛፉ ብናኙን በደረቅ ጊዜ መበተኑ ይጠቅመዋል የምንለው ለዚህ ነው።

ከሌሎች ዕፅዋት ብናኝ ጋር ሲወዳደር የፓይን ብናኝ አለርጂ የመቀስቀስ አቅሙ ደካማ ነው። ዓይንና ጉሮሮ ግን እንደ ማንኛውም አቧራ ሊቆረቁር ይችላል። አስም ያለበት ሰው በዚያ ሰሞን ከዛፉ ሥር አለመቀመጡ ይሻላል። በጎድጓዳ ውሃ ላይ ቢጫ ሆኖ ሲንሳፈፍ ድኝ ወይም ሻጋታ የሚመስላቸው አሉ፤ ሁለቱንም አይደለም።

አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ዓይነት ፍሬ አየሁ። በሽታ ነው?

ጤናማ ዛፍ ነው፤ የሦስት ዓመት ሥራውን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እያሳየዎት ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሿ የዘንድሮ ናት። ከእሷ ወደ ግንዱ ዝቅ ብሎ ያለው አረንጓዴ ያምና ነው። ከዚያ በታች ያለው ቡናማና ጠንካራው የካቻምና ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ፓቱላ ላይ የበሰለው ፍሬ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ በአንድ ቦታ ይጠጋጋል፤ ቅርንጫፉን ሙጭጭ አድርጎ ይዞም ለዓመታት ሳይወድቅ ይቆያል። እናም ከጫፍ ወደ ግንድ እየቆጠሩ መምጣት ዛፉ የትኛው ዓመት እንደተመቸው ያሳያል። ብዙ ፍሬ የተሸከመ ክፍል አለ፤ አንድም የሌለበት ክፍል አለ።

ፍሬው ለመብሰል ለምን ሁለት ዓመት ይፈጅበታል?

ብናኙ ሴቴዋ ላይ ያረፈበት ቀንና ጽንሱ የሚፈጠርበት ቀን በአንድ ዓመት ገደማ ስለሚራራቁ ነው። ይህ ከፓይን ጠባዮች ሁሉ የሚያስገርመው ነው፤ ማንጎ ወይም ኮክ ለለመደ ሰው ማመን ያስቸግራል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ሴቴዋ ቅርፊቶቿን በስሱ ትከፍታለች። በእያንዳንዱ ቅርፊት ላይ ሁለት የወደፊት ዘሮች አሉ፤ አፋቸው ላይ ጠብታ ፈሳሽ ይወጣል። በነፋስ የመጣው ብናኝ ጠብታው ላይ ይያዛል። ከረጢቶቹ እዚህ ላይ ሁለተኛ ሥራ አላቸው፤ ቅንጣቱን በጠብታው ውስጥ አንሳፈው ወደ ውስጥ ያደርሱታል። ከዚያ ጠብታው ይመለሳል፤ ቅርፊቶቹ ወፍረው ይዘጋሉ። ብናኙ ቀጭን ቱቦ ማብቀል ይጀምርና ይቆማል። ኮኗም በዚያ ዓመት ብዙ ሳታድግ ትቆያለች። ቱቦው እንደገና ጉዞውን ቀጥሎ ጽንሱ የሚፈጠረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ያኔ ፍሬው በፍጥነት ያድጋል፣ ይጠነክራል፣ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ፓቱላ ብናኝ ከተቀበለ በኋላ እስኪበስል 22 ወርና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። የካቲት ላይ አበባ ያየ ሰው የበሰለ ዘር የሚያገኘው ቀጥሎ የሚመጣውን የካቲት አልፎ፣ ሁለተኛው ሲቃረብ ነው ማለት ነው።

ዛፉ ስንት ዓመት ሲሞላው ማፍራት ይጀምራል?

ፓቱላ ቸኩሎ ከሚያፈሩት ነው። በአምስት ዓመቱ ገደማ ኮን ሊያሳይ ይችላል፤ በቂና ጥሩ ዘር የሚጠበቀው ግን ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ወጣት ፓይን ብዙውን ጊዜ ሴቴውን ቀድሞ ያወጣል፤ ወንዴው ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ በአቅራቢያው ትልቅ ፓይን የሌለው ወጣት ዛፍ የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ያለ ዘር ቢያባክናቸው የሚጠበቅ ነው።

ግቢዬ ውስጥ አንድ ፓይን ብቻ ነው ያለኝ። ዘሩ ይበቅላል?

ጥቂቱ ሊበቅል ይችላል፤ አብዛኛው ግን ባዶ ይሆናል። ዛፉ በራሱ ብናኝ ሲፀንስ ብዙዎቹ ጽንሶች ገና በጅምሩ ይሞታሉ፤ የዘሩ ቅርፊት ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ማደጉን ይቀጥላል። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ጥቂት ዘሮችን በምላጭ ከፍለው ይዩ፦ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ከሞላ ጥሩ ነው፤ ክፍት ወይም የደረቀ ስስ ነገር ብቻ ከሆነ ባዶ ነው። ዘር የሚፈልግ ሰው ብዙ ዛፍ በአንድነት ከቆመበት ቢለቅም ድካሙን ያተርፋል።

ትንንሾቹ ፍሬዎች ለምን ይረግፋሉ?

መጀመሪያ የረገፈውን ይለዩ። ቢጫና ለስላሳ ከሆነ ወንዴው ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ነው የረገፈው። ትንሿ ሴቴ ከነእግሯ ደርቃ ከወደቀች ግን ምክንያት አላት። የተለመደው በቂ ብናኝ አለማግኘት ነው፤ ከወደፊት ዘሮቿ አብዛኞቹ ብናኝ ካላገኙ ዛፉ ኮኗን በሙሉ ይጥላታል። ረዥም ድርቅና ተባይም ያረግፏታል። እንደ ዳባትና ደባርቅ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ውርጭ ይጨመራል፤ ለጋዋ ኮን ከመርፌው ይልቅ ለውርጭ ስስ ናት።

ፍሬው ቡናማ ሆኗል፤ ግን አልተከፈተም። ዘሩን እንዴት ላውጣ?

የፓቱላ ፍሬ በሙጫ ተጣብቆ ተዘግቶ መቆየት ልማዱ ነው። በተፈጥሮ ቦታው የሚከፍተው የእሳት ሙቀት ወይም ብርቱ ፀሐይ ነው። ለቅመው በቆርቆሮ ወይም በሸራ ላይ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ማታ ከጤዛ ያስገቡት። ቅርፊቱ ሲላቀቅ ድምፅ ያሰማል፤ ያኔ አራግፈው ክንፋሙን ዘር ያገኛሉ። ዘሩ በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ ኪሎ ከ100 ሺህ በላይ ፍሬ ዘር ይይዛል። ኮኑን ከቅርንጫፉ በእጅ ለመገንጠል አይታገሉ፤ በመቀስ ይቁረጡት። አረንጓዴውን አይንኩት፤ እሱ ገና ነው።

ዛፌ ዘንድሮ ከመጠን በላይ አፍርቷል። ሊሞት ነው የሚሉኝ እውነት ነው?

አንዳንዴ እውነት አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ግን የለም። እምቡጡ በሚወሰንበት ጊዜ ሞቃትና ደረቅ አየር ከገጠመው ዛፉ ከቅርንጫፍ ይልቅ ወደ ኮን ያደላል። የዘንድሮው ብዛት ስላለፈው ወቅት የሚናገር ስለሆነ፣ «ዘንድሮ ምን ነካው?» ከማለት «ያኔ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ዘር ለማምረት ፓይን የሚያለሙ ሰዎችም ይህንኑ ጠባይ ይጠቀሙበታል፤ ሥሩን በከፊል ይቆርጣሉ፣ ወይም ጂበረሊን የሚባለውን ሆርሞን ይሰጡታል።

የሚያሰጋው ከፍሬው ብዛት ጋር ሌላ ምልክት ሲመጣ ነው፦ የአዲሱ ቀንበጥ ማጠር፣ የመርፌው መሳሳትና መገርጣት፣ ከግንዱ የሚፈስ ሙጫ። እንዲህ ከሆነ ባለፉት ሁለት ዓመታት በዛፉ ዙሪያ ምን እንደተሠራ ያስታውሱ። አጥር ለመገንባት የተቆፈረ መሠረት፣ ሥሩ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን ወይም የተከመረ አፈር ካለ፣ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ማዳበሪያ መድፋት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ለገና ጫፉን ብቆርጠው ይጎዳዋል?

የጎን ቅርንጫፍ ቢቆርጡ ዛፉ አይሞትም። ጫፉን ግን ይተዉት ባይ ነኝ። ሴቴ እምቡጦቹ ያሉት ላይኛው ክፍል ላይ ነው፤ ገና የሚውለውም አበባው ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በአንድ መቀስ የሚመጣውን አበባ፣ ያምናውን ለጋ ፍሬና የዛፉን ቀጥ ያለ ቁመት አንድ ላይ ያጣሉ።

ከሌላ አገር ያገኘሁት መመሪያ «በመስከረምና በጥቅምት ያብባል» ይላል። የትኛውን ልመን?

የተጻፈበትን አገር ይዩ። ስለ ፓቱላ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ብዙው ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ እዚያ ደግሞ ወቅቱ ከእኛ ተገላቢጦሽ ነው። የእነሱን ወር እንዳለ መውሰድ ያሳስታል፤ ከወሩ ይልቅ «ከዝናቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለውን ይያዙ። ከዚያ የራስዎን ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ በክር ምልክት አድርገው በየወሩ ፎቶ ያንሱት። ሁለት ዓመት ያህል ከያዙት ከማንኛውም መመሪያ የተሻለ የጎንደር መረጃ ይኖርዎታል።

ዘሩ በራሱ እየበቀለ ሊስፋፋ ይችላል?

ይችላል፤ ቀላል ነገርም አይደለም። ዘሩ ክንፍ ስላለው በነፋስ ይሄዳል፤ ክፍት ሣር ያለበት ደጋ ደግሞ ይስማማዋል። በማላዊ ሙላንጄ ተራራና በዚምባብዌ ምሥራቃዊ ተራሮች ፓቱላ ከተተከለበት አልፎ የአገሩን ዕፅዋት እየገፋ አስቸግሯል። ጅብራና አስታ ወደሚበቅሉበት የሰሜን ተራሮች አቅጣጫ ፓይን ለመትከል የሚያስብ ሰው ይህን ሳያመዛዝን ባይጀምር ጥሩ ነው።

ከተማ ውስጥ መቆጣጠሩ አያስቸግርም። ፓቱላ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ አንዴ ከተቆረጠ አበቃ። ሳይፈለግ የበቀለውን ችግኝ አፈሩ በክረምት እንደራሰ በእጅ መንቀል ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ኮን ሳያወጣ፣ ማለትም አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ ከተነቀለ ዘር የሚጥልበት ጊዜ አያገኝም።